ቡላ ሲጠብቃት የነበረችው ቃል

ይድረስ ለወንድሜ ለራምዚ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። የእናታችን ሰላምታ ይቅደም፣ ቀጥሎ የባለቤቴ የሰይዶ፣ ከዚያ የእኔ፤ የልጄ የሩፋይዳም እንዳይቀርባት፣ ኋላ ታኮርፈኛለች። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚቆረጥምህ ጉልበትህስ? የቴምር መጋዘኑ ደረጃ ብዙ ነው ብለኸኝ ነበርና ጆንያ ተሸክመህ ስትወጣ ስትወርድ ይታየኛል። ሙቀቱ በረድ ብሎልሃል ወይ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ደህና ናቸው? ማንስ ነው የሚያበስልላችሁ? እኛን ከጠየቅክ አካላችን ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ። ደህና ያልሆነው የእኔ ልብ ነው፤ እሱን ወደ ታች ስትደርስ ታገኘዋለህ።

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው የበርበሬ ነጋዴው ሙሀመድሰይድ ነው። ዘንድሮ ሐጅ ሊያደርግ ነገ ከቡታጅራ ይነሳል። ፖስታውን በደንብ አሽጌዋለሁ። ሰውየው ደግ ነው፤ ግን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ወሬ ሳይዝ አይሻገርም። ስለ እኛ የሚነግርህ ነገር ይኖራል። እኔ የምነግርህን ግን ከእሱ አፍ ቀድመህ እንዳትሰማው ፈለግሁ።

የምሥራቹን ላስቀድም። እህታችን ፈቲሀ ወልቂጤ በሰላም ተገላግላለች፤ ልጁን ዑመይር ብለውታል። እናታችን አራሷን ልትጠይቅ መስከረም አጋማሽ ላይ ሄዳ ለኢድ ነው የተመለሰችው። ዓይኗ እንደምታውቀው ነው፤ ግራው ጨርሶ ሄዷል፣ በቀኙ ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ሰውን በድምፁ ነው የምታውቀው። ሕፃኑን አቅፋ፣ አፍንጫው የራምዚ ነው አለች አሉ። እንዴት አወቅሽ ቢሏት፣ በጣቴ ለካሁት ብላ አሳቀቻቸው።

አሁን ዋናውን ልጻፈው፤ ብዕሬ ሲዞረው ውሏል። ቡላ ሞቷል። በታኅሣሥ ማለቂያ ስልክ ደውለህ ቡላስ ስትለኝ፣ አለ፣ እንዲያውም ወፍሯል አልኩህ። ያኔ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። አንተም ሳቅህ። ሳቅህ ከስልኩ ውስጥ እስካሁን ይሰማኛል። ዓይኔን አፍጥጬ እንዴት እንደዋሸሁህ ራሴም ይገርመኛል።

ሰይዶ፣ ሞቱ ከአላህ ነው፣ ራስሽን አታሰቃዪ ይለኛል። ሞት ከአላህ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ረሃቡ ግን ከእኔ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ስማው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሌቦች ዕቃ ቤቱን ከፍተው ሁለት ጆንያ በርበሬ ወሰዱ። ቡላ ጮኾ ነበር። እንዲያውም ጎረቤት እስኪሰለች ነው የጮኸው። ዝናቡ ስለበረታ ሰይዶም እኔም ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን ተኛን። ጠዋት ግን ጥፋቱን ሁሉ ውሻው ላይ ጫንኩት። አርጅቷል፣ ሌባ ሲያይ ዞር ይላል እያልኩ ለሰፈሩ አወራሁ። ሰይዶ፣ እሱ ሥራውን ሠርቷል፣ ያልተነሳነው እኛ ነን ቢለኝም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። አዲሱ በርበሬ ሳይሰጣ ሁለተኛ ውሻ ካልመጣ እኔ የለሁበትም ብዬ ድርቅ አልኩ። ቡላ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። አርጅቷል ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማንም አላለም።

ሰይዶ መቼም ጭቅጭቅ አይወድም። መስከረም እንደገባ እንሴኖ ገበያ ደርሶ ሲመለስ አንድ ቀይ ውሻ በገመድ እየጎተተ መጣ። ደረተ ሰፊ፣ ጆሮው ጫፉ ላይ የተቆረጠ፣ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ። ሩፋይዳ ነብሮ አለችው። በመጀመሪያው ሳምንት የሰይዶን አንድ እግር ካልሲ በላ፣ ሁለት የጋሪ ፈረስ አስደነበረ፣ የጎረቤት እንቁላል ለቅሞ ተመለሰ። ሰይዶም፣ ከእንግዲህ ሌባ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፣ ገዝቼ አምጥቼላችኋለሁ እያለ ቀለደብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በአጥሩ አጠገብ ሰው ሲያልፍ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጮሁ ቤታችን የትልቅ ሰው ቤት መሰለኝ። ቡላም አልተጣላውም። አሽትቶት፣ ዞሮት፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለውን የራሱን ደረቅ ቦታ ለቀቀለት።

አመጋገባቸውን ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ጥፋቴ እንዲገባህ ልድገመው። ቡላ ቡችላ ሳለ ከእናታችን እጅ ቂጣ ነጠቀ። ምራቁ ነክቷት እጇን አንዴ በአፈር፣ ስድስት ጊዜ በውሃ ካጠበች በኋላ፣ ይሄ ውሻ ነገ ከዚህ ግቢ ይውጣ አለች። ያዳንከው አንተ ነህ። አጥሩ ሥር ባለው ስባሪ ሸክላ ምግቡን አቅርበህ፣ በእጅህ እየከለከልክ፣ ቢስሚላህ ስትል ብቻ እንዲቀርብ አስተማርከው። እኛ ስንስቅብህ ሁለት ወር ፈጀብህ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ አፍንጫው ላይ ቢንጠለጠል እንኳ ቃሏን ሳይሰማ አይነካም ነበር። እናታችንም፣ ከስንቱ ሰው ይሻላል ብላ ወደደችው። ምሳ ሲቀርብ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቢስሚላህ የምትለው ለራሷም ለእሱም ሆነ። አንተም ስትሄድ መናኸሪያ ላይ፣ መኪናው ሞተር አስነስቶ፣ ቡላን አደራ፣ ቃሏን እንዳትረሺበት አልከኝ። እናታችንም ወልቂጤ ስትሄድ ይህንኑ ነው ያለችኝ። ሁለት ሰው አደራ ሰጥቶኝ ነበር ማለት ነው።

እናታችን በሄደች በሁለተኛው ሳምንት ሰፍያ መጣች። ሰፍያ አንተ ከሄድክ በኋላ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ቤት ተከራይታ የገባች ናት፤ የሰፈሩን ሴቶች ዲን፣ ሃይማኖቱን፣ ታስተምራለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አነጋገሯም የለሰለሰ ነው። እኔም ከፊት ከሚቀመጡት ተማሪዎቿ አንዷ ነበርኩ፤ የቁርኣን ሱራ በቃል ስታስይዘን ቀድሜ ስይዝላት ስሜን እየጠራች ታመሰግነኝ ነበር። ያን ቀን ከሦስት ሴቶች ጋር ስትገባ እኔ ሸክላዎቹ ላይ ጎንበስ ብዬ ቢስሚላህ እላለሁ። ዘይባ፣ ለውሻ የአላህን ስም ትጠሪያለሽ እንዴ? አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ፈገግ ብላ ነው። ሴቶቹም ፈገግ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንድሜ አስለምዶት ነው፣ ካላልኩት አይበላም ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ምናልባትም ስቀን እናልፈው ነበር። እኔ ግን፣ አፌ ለምዶብኝ ነው፣ ሁለተኛ አይለመደኝም አልኳት።

አልተለመደኝምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቡን ዝም ብዬ ማፍሰስ ጀመርኩ። በልቤ እላለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ ውሻ የልብ የሚሰማ ይመስል። ቡላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ሲቆርጥ ይበላ ይሆናል። ነብሮ ግን ማን አስተምሮት ይጠብቃል? የራሱን ሸክላ በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ ወደ ቡላ ይሻገራል። ቡላ አይከለክለውም። ምግቡ ገና ያልተፈቀደ ስለሆነ የእኔ ነው አይልም መሰለኝ፤ ዞር ብሎ ይቆምለታል። ቆሞም የሚያየው ነብሮን አይደለም፤ ሸክላውንም አይደለም። አፌን ነበር የሚያየው።

ራምዚዬ፣ አላወቅሁም ብዬ ብጽፍልህ ቀላል ነበር። አውቄያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደንብ አውቄያለሁ። አንድ ጊዜ በለሆሳስ ልለው አፌን ከፈትኩና የሰፍያ በር ሲጢጥ ሲል ሰምቼ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ፊቴን አዙሬ ማፍሰስ ለመድኩ። ሲከሳ ደግሞ ምክንያት አበጀሁለት። ሰይዶ፣ ይሄ ውሻ ምን ሆኗል ሲለኝ፣ በነብሮ ቀንቶ ነው አልኩት። ሌላ ጊዜ፣ ጥርሱ አልቋል አልኩ። ሩፋይዳ እንጀራ ልትወስድለት ስትል፣ አኩርፊው፣ ሲርበው ይበላል ብዬ መለስኳት። ለልጅ የሚባል ነገር ነው? ግን ብያለሁ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ቀን ምድጃ ስለማይነድ ለውሾቹ የሚደርሳቸው የማታው ትራፊ ብቻ ሆነ፤ እሱም ለነብሮ። እኛ በር ዘግተን፣ ቢስሚላችንን በየአፋችን ውስጥ ብለን እናፈጥራለን፤ ከቤታችን ጮክ ብሎ የሚለው እናታችን ብቻ ናት፣ እሷም ወልቂጤ። ያን ረመዳን አንድ ቀን ሳላጎድል ጾሜያለሁ፣ ቁርኣን አንብቤ አክትሜያለሁ፣ ሰፍያም በሴቶቹ ፊት አመስግናኛለች። አጥሬ ሥር ጾም ያልተጻፈበት እንስሳ ከእኔ በላይ ይጾም ነበር። በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ስለዚያች ድመቷን አስራ ስላስራበች ሴት ሲነግሩን አንተ አልቅሰህ፣ እኔ፣ እንዲህ ያለ ጨካኝ ሰውስ ከየት ይመጣል ያልኩት ትዝ ይለኛል።

እናታችን ለኢድ ዋዜማ መጣች። ኢዱ ዕለት እንግዳው ብዙ፣ ግርግሩ ብዙ ነበር፤ ቡላም ከእንሰቱ መሃል አልወጣም፤ እስከዚያ ምን እየቀመሰ እንደቆየ አላውቅም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት እኔ የውሾቹን ቀደም ብዬ አፍስሼ ነብሮ ሁለቱንም ጨርሷል። እናታችን በሩ አጠገብ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ትሪውን ፊቷ ሳስቀምጥላት እንደ ልማዷ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቢስሚላህ አለች።

ቡላ ከእንሰቱ መሃል ወጣ። መጀመሪያ ያየሁት ጥላ መስሎኝ ነበር። እግሮቹ እየተጠላለፉ፣ አንዴ ወድቆ ተነስቶ፣ ሸክላው ጋ ደረሰ። ሸክላው ተልሶ ያብረቀርቃል። ቡላ አጎንብሶ አየው፤ ከዚያ ቀና ብሎ በሩን አየ። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቃት ቃል መጥታለታለች፣ ምግቡ ግን የለም። እናታችን ምንም ሳታይ እየጎረሰች፣ ቡላዬ መጣ መሰለኝ፣ በላ ወይ አለችኝ። እየበላ ነው አልኳት።

የራሴን ድርሻ ይዤ ሮጥኩ። ሰፍያ ትስማ፣ ሰፈሩ ይስማ ብዬ ቢስሚላህ አልኩለት። ቀመሰው፤ መዋጥ አቃተው። ወተት ሰጠሁት፣ የሥጋ መረቅ በማንኪያ ጠብ አደረግሁለት። ሰይዶ የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ ሰውየው መረመረው፤ ምነው ቀደም ብትሉ ነው ያለን። አሥራ አንድ ቀን አስታመምኩት። በየቀኑ ቃሏን ስለው ጆሮው ትንቀሳቀሳለች። ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ወተቱን ይዤ ወጥቼ ቃሏን ብለው ጆሮው አልተንቀሳቀሰችም። ሰይዶ ከእንሰቱ ጀርባ ቀበረው። ሩፋይዳ ድንጋይ አኖረችበት። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ቆሜ ነበር።

የባሰውን ገና አልነገርኩህም። የተቀበረ ዕለት እናታችን ምሳዋን ቀርባ ቢስሚላህ ስትል ነብሮ ሸክላው ላይ አፉን እያጮኸ ያላምጥ ነበር። ቡላ ዛሬ እንዴት አድርጎ ነው የሚያኝከው፣ ድኗል ማለት ነው አለች። ዝም አልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም ዝም አልኩ። እሷ ውሻ በእጇ አትነካ፣ በዓይኗ አታይ፤ እንዴት ብላ ትለይ? አንድ ቀን፣ ድምፁ ጎረነነብኝ ስትል ብርድ መትቶት ነው አልኳት። ነብሮ የት ሄደ ስትል፣ ሰይዶ ለደንበኛው ሰጠው አልኳት። ሩፋይዳ ፊቴን አየችኝ። ሰይዶ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ሱቁ ነው የሚበላው። እናታችን ላይ ስዋሽ መስማት ከብዶት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ሥራ በዛብኝ ይላል።

እንግዲህ ያለሁት እንዲህ ነው። መጥተህ ከግቢው በር ሆነህ ቡላ ብለህ ስትጣራ ሌላ ውሻ ሲወጣልህ ከምታውቅ ብዬ ጻፍኩት። አደራ በላ መሆኔን አልክድም። ሰፍያን አትውቀስብኝ፤ እሷ አንድ ቀን ነው የተናገረችው፣ ሁለት ወር ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ውሻ አምጡ ያልኩትም እኔ ነኝ። ነብሮም ቢሆን ምን ያድርግ፤ ተርቦ በላ።

እስከዚህ የጻፍኩት ጠዋት ነው። አሁን የከሰዓቱ የአስር ሶላት ተሰግዷል። ምሳ በልተን ስንጨርስ ልፈርምበት ወረቀቱን አውጥቼ ነበር። እናታችን የወረቀቱን ድምፅ ሰምታ፣ ለራምዚ ነው አይደል፣ በይ የእኔንም ጻፊልኝ አለች። ደህና ነኝ በይው፣ ጉልበቱን ዘይት ይቀባ በይው፣ ቡላም ደህና ነው፣ ቤቱን ይጠብቅልናል፣ ቃሏንም አላጎደልንበትም በይው አለችኝ። ጉልበትህን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ እጄ አልሄደም። ጻፍሽ ወይ? አለች። ጽፌያለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው።

ሁሉንም ነገርኳት። የሰፍያን ፈገግታ፣ ሁለቱን ሸክላ፣ ረመዳኑን፣ ብርድ መታው ያልኳትንም ጭምር። አልጮኸችም። ትራገማለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትራገመኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ምሳዬን ሳካፍለው የኖርኩት ሌላውን ነዋ? አለች። አዎ አልኳት። ስሙን ነገርኳት። ያኛው ኢዱ ማግስት ሲመጣ ሸክላው ውስጥ ምንም አልነበረም? አለች። ምንም አልነበረም አልኳት። ቀና ብላ ወደ ድምፄ ዞረችና፣ ከዛሬ ጀምሮ የውሻውን ምግብ ለእኔ አቀብዪኝ፣ እኔ እሰጠዋለሁ፣ አንቺ አትስጪው አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች። አጥሩ ድረስ ማንም ሳይመራት ሄደች። ልደግፋት ክንዷን ብይዛት ቀስ ብላ እጄን አነሳችው።

እንግዲህ ሰይዶ ሰላም ይልሃል፤ የላክህለት ሸሚዝ ልኩ ነው፣ ለአረፋ ሊለብሰው አስቀምጦታል። ሩፋይዳ ሰላም ትልሃለች፤ እስከ ሰባት ቁጥር ጽፋልህ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ታገኘዋለህ። ፈቲሀና ባሏ፣ ትንሹ ዑመይርም ከወልቂጤ ሰላም ብለዋል። ሰፍያም ወንድምሽን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ምንም አታውቅም። እናታችን ሰላም ብላሃለች፣ ዱዓዋ ካንተ ጋር ነው። ስለ ቡላ ያስጻፈችኝን ሰርዢው ብላኛለች፤ ያልጻፍኩት መሆኑን ነገርኳት።

መልስህን ለእኔ አትጻፍ፤ ለእሷ ጻፍላት። የማነብላት እኔ ነኝ። ስለ እኔ የምትለውን ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢመረኝ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

እህትህ ዘይባ
ቡታጅራ፣ ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.